ቤታችን ያልፈረሰ ጊዜ

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ባለፈው ቅዳሜ የግቢውን በር ቀይ ቀለም አስቀቡ። ቀቢው ቀለሙን በአኳራጅ እያቀጠነ ሲያማስል ሽታው በመስኮት ገብቶ ከተቀመጥሁበት አስነሣኝ። አሁን በምኖርበት በማራኪ ሰፈር አንዱ ቤት ሲያልቅ ሌላው ስለሚጀመር ይህ ሽታ አዲስ አይደለም፤ ሌላ ጊዜ መስኮቴን ዘግቼ ሥራዬን እቀጥላለሁ። በዚያ ቅዳሜ ግን አልዘጋሁትም። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ በአንድ ጣሳ ቀይ ቀለም የሠራሁትን ሥራ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ለመጻፍ የደፈርሁትም እናቴ ያለ መነጽር ማንበብ ስለማትችልና መነጽሯን የት እንዳስቀመጠችው ሁልጊዜ ስለምትረሳ ነው።

ቀናተኛ ልጅ ነበርሁ። ይህን ላለባብሰው አልፈልግም። የጎረቤት ልጅ ትክትክ ይዟት ማር ሲመጣላት እኔም መሳል ጀመርሁ። አንዷ የክፍላችን ልጅ እጇ ተሰብሮ በጄሶ ሲታሰርና ተማሪው ሁሉ ስሙን ሲጽፍበት፣ እኔ ከአጥር ላይ ሁለት ጊዜ ዘለልሁ፤ ምንም አልሆንሁም። ሰው ያለውን ብቻ ሳይሆን የደረሰበትንም እመኝ ነበር። እናቴ «ማስቴ፣ የአንቺ ዓይን መቼ ነው የሚጠግበው?» ትለኝ ነበር። ስሜ ማስተዋል ነው፤ ሲወጣልኝ ምን ታስቦ እንደሆነ እንጃ።

ቤታችን ታች ሰፈር፣ ቀሃ ወንዝ ዳር ነበር። ከበራችን ቁልቁል ሲወረድ ጌሾና ቃሪያ የተተከለበት ጓሮ፣ ከጓሮው በታች የጓደኛዬ የሰብለ ቤት፣ ከሰብለ ቤት በታች ደግሞ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡባቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሩ። ጠዋት ጠዋት የምነቃው እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲመታ እየሰማሁ ነው። የሳሙና አረፋና ጤናዳም አብረው ይሸቱ ነበር። የላይኛው ከተማ ሰዎች ሰፈራችንን ረግረግ እያሉ ይንቁታል። እናቴ ግን እዚያ ተወልዳ፣ እዚያ ተድራ፣ እኔንም እዚያው ስለወለደች፣ ጎንደር ማለት ለእሷ ከድልድዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለው ነበር፤ ሌላውን እንግዳ ሲመጣ ነው የምታሳየው።

ቤቱን የሠራው የእናቴ አባት ነው። ግንበኛ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ አያ ንጉሤ ይለዋል፤ እናቴም እንደዚያው ስለምትጠራው እኔም አያ ንጉሤ እያልሁ አደግሁ። ቁመቱ አጭር ነው፤ ንግግሩ ደግሞ ከቁመቱም ያጥራል። ከታች ሰፈር ቤቶች ግማሹ የእሱ እጅ አለበት። የኛን ግን ለራሱ ስለሠራው አልቸኮለበትም፤ ሦስት በጋ እንደፈጀበት ይነገራል። በየዓመቱ ለመስቀል ግድግዳውን ራሱ ኖራ ይቀባዋል። አባቴ መተማ ሰሊጥ እርሻ ላይ ይሠራ ስለነበር ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ክረምት ቤት ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ነን።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወንዙ መጣ። እኛ ጋ ዝናብ አልነበረም። እንዲያውም ፀሐይ ወጥታ እናቴ ብቅል አስጥታ ነበር። የዘነበው ላይ ተራራው ላይ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ዳገት የሚወጣ ከባድ መኪና ይመስል ነበር። አያ ንጉሤ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ እጄን ያዘና ሽቅብ ጎተተኝ። እናቴ ብቅሏን በነጠላዋ እየሰበሰበች «ቆይ፣ ቆይ» ስትል በሌላ እጁ እሷን ያዛት። ላይኛው መንገድ ላይ ቆመን አየን። ውሃው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ግንድና ቆሻሻ መንገዱን ዘግቶበት ስለነበር ዞሮ በሰፈሩ መሀል ሄደ። በር፣ ድስት፣ አልጋ፣ እንደታሰረ የሚዋኝ በግ አሳልፎ ወሰደ። የታችኛው መደዳ ቤቶች እንደ ሰው በጉልበታቸው እየተንበረከኩ ገቡ። ሰውም ወሰደ። ጠላ የሚሸጡትን እማማ ጥሩነሽን በማግሥቱ ከታች አገኟቸው። እኔ ያን ጊዜ ሞት ማለት ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ነገር ይመስለኝ ስለነበር የገባኝ ግማሹ ነው።

ቤታችን ቆመ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለነበር ውሃው ደፉ ድረስ ደርሶ ተመለሰ፤ የወሰደብን ኩሽናውንና የጓሮውን ካብ ብቻ ነው። እናቴ ደፉ ላይ ተንበርክካ ጭቃውን ሳመችው። የሰብለ ቤት ግን ከአንድ ግድግዳ በስተቀር የለም። ሰብለና እናቷ ገበያ ውለው ስለነበር ነው የተረፉት።

ሰብለ የክፍሌ ልጅና የጨዋታ ጓደኛዬ ነበረች። በሁሉም ነገር ትንሽ ትበልጠኛለች፤ በዕድሜም፣ በቁመትም፣ በማባዛትም። ከጎርፉ በኋላ ደግሞ ጨርሳ በለጠችኝ። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በሸራ ድንኳን ተጠለሉ። ከየቦታው ብርድ ልብስ፣ ዘይት፣ ሰማያዊ ሳህን መጣላቸው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር መምህራችን ሰብለን ከፊት አቁመው አዲስ ቦርሳና ስድስት ደብተር ሰጧት፤ ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብሁት፣ ከንዴቴ የተነሣ። ሰብለ በየዕረፍቱ ግድግዳ ተደግፋ የጎርፉን ታሪክ ትናገራለች። ያላየችውን ጎርፍ ካየሁት ከእኔ አሳምራ ትናገረዋለች። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «የኛም ኩሽና ሄዷል» አልሁ።

«ኩሽና ብቻ?» አለችኝ።

ቆሽቴ አረረ። ያን ቀን ቤት ስገባ ቤታችንን ቀና ብዬ አየሁትና፣ ነጭ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጠላሁት። ቤታችን ባለመፍረሱ አፈርሁ።

ትልልቆቹ ደግሞ በሌላ ነገር ተይዘዋል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ድልድዩ አጠገብ እየቆሙ ሰፈሩ ይታነጽ ወይስ ይለቀቅ በሚለው ይከራከራሉ። ይታነጽ የሚሉት ብዙ ነበሩ። ደብራችን እዚህ፣ ወፍጯችን እዚህ፣ ሙታኖቻችን እዚህ፣ ወዴት እንሄዳለን ነው ነገራቸው። የሚፈሩትም ነበሩ፤ ግን ጮክ ብለው አይናገሩም። ሁሉም የሚጠብቀው የአያ ንጉሤን ቃል ነው። ግንበኛ ሆኖ አትሥሩ ሊል አይችልም ብለው ደምድመዋል። እሱ ግን በየጠዋቱ ወንዙ ዳር ወርዶ በዱላው ጥልቀቱን እየለካ ዝም ብሎ ከረመና አንድ እሑድ ሲጠይቁት እጄ አልታዘዘኝም አላቸው።

«ምነው አያ ንጉሤ፣ አንተ ካልሠራህ ማን ሊሠራ ነው?» አሉት።

«ነገሥታቱስ ምነው ግቢያቸውን ወንዝ ዳር አልሠሩ?» አለ።

አንዱ ጎረቤታችን ቀበል አድርጎ ንጉሡ መዋኛውን ቀሃ ዳር አይደለም እንዴ የሠራው አለው።

«ለመዋኛማ ሸጋ ቦታ ነው» አለ አያ ንጉሤ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ቤት እንደገባን ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊት ለፊቱ ቆመች። የቤቱ ካርታ በእሱ ስም እንደሆነ፣ ቢፈልግ ነገውኑ ለመንግሥት አስረክቦ ሊያስወጣት እንደሚችል፣ እሷ ግን እናቷ የሞተችበትን ቤት ትታ ማንም ወደማያውቃት ሜዳ እንደማትሄድ ነገረችው። አያ ንጉሤ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ እሷ ሳትፈቅድ ቤቱን ለማንም እንደማይሰጥ ቃል ገባላት። እናቴ ቃሉን ከተቀበለች በኋላ ነው ምሳ ያቀረበችው። እኔ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ግን ሐሳቤ ሰብለ በዚያ ቀን አድርጋው የመጣችው አዲስ ሹራብ ላይ ነበር።

መስቀል አልፎ ወንዙ ሲጎድል የሰፈሩ ሰው ተጠራርቶ በወንፈል፣ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው እየሠራ፣ ጎርፉ የወሰደውን የቤት ድንጋይ ከወንዙ ማውጣት ጀመረ። ወንዶች ከውሃው ያወጣሉ፤ ሴቶችና ልጆች ተሰልፈን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበልን ዳር እናደርሳለን። አያ ንጉሤ መሥራቱን ቢጠራጠርም ድንጋይ ሜዳ ላይ ወድቆ ማየት አይወድም። ዳር ላይ ጆንያ አንጥፎ ይቀመጥና የመጣለትን ይለያል።

ድንጋይ የሚለየው በጆሮው ነበር። በመዶሻ ቀስ ብሎ ኳ ያደርገዋል። ጥሩው ድንጋይ እንደ ደወል ይጮኻል። ውስጡ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ይታፈናል፤ ያ ለአጥር ካልሆነ ለቤት አይሆንም። ይህን እኔ ከማንም በፊት አውቅ ነበር። ዓመት ሙሉ አስተምረኝ ብዬው ጣትሽን ትመቻለሽ እያለ ከልክሎኛል። በሦስተኛው ቀን ድንጋይ እያቀበልሁ ቀና ስል ሰብለ ከጎኑ ጆንያው ላይ ተቀምጣለች። ትንሿ መዶሻ፣ እጀታዋ በጠፍር የተጠመጠመው፣ በእጇ ናት። ትመታለች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች፣ «ይኼ ታፍኗል» ትላለች። አያ ንጉሤም ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ እኔ እስክሰማ ድረስ፣ «ይች ልጅ ሸጋ ጆሮ አላት» አለ።

እሱ ማንንም አያመሰግንም። እኔን አመስግኖኝ አያውቅም። የያዝሁትን ድንጋይ ለቅቄው እግሬ ላይ ወደቀ፤ ያመመኝ ግን እግሬ አይደለም። በማግሥቱ ቀድሜ ሄጄ ጆንያው ላይ ተቀመጥሁና መዶሻዋን ያዝሁ። የመጣውን ድንጋይ ሁሉ እየመታሁ «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው» አልሁ። አያ ንጉሤ ሦስቱን መልሶ መታቸውና ሁለቱን ወደ አጥሩ ክምር ወረወራቸው። ከዚያ መዶሻዋን ከእጄ ወሰዳት። አንቺ የምትሰሚው ራስሽን ነው አለኝ፤ ያለው በቁጣ አይደለም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከማዘጋጃ ቤት የተላኩ ሁለት ወጣቶች ሜትርና የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ከወንዙ ዳር እየለኩ ወደ ውኃው የቀረበውን ቤትና ፍራሽ ሁሉ ግድግዳው ላይ ትልቅ ኤክስ አድርገው፣ በክብ ከበው፣ ቁጥር ጻፉበት። ትልልቆቹ ትርጉሙን ያውቃሉ፤ ምልክት ያለበት ይፈርሳል፣ ባለቤቱም ከማራኪ ወዲያ ሜዳ ላይ ቦታ ይሰጠዋል። ለእኛ ለልጆች የነገረን የለም። የነገረችን ሰብለ ናት። በቀረው ግድግዳቸው ላይ አሥራ ሰባት ቁጥር ተጽፎ ነበር፤ እሷም ቁጥሩን በአዲሱ ደብተሯ ሽፋን ላይ ሳይቀር ጻፈችው። ምልክት የተሰጠው ሰው ግቢው ውስጥ የራሱ ቧንቧ ይገባለታል አለች። እኛ ቤት ሲደርሱ ወጣቶቹ ሜትራቸውን ዘርግተው፣ ተነጋግረው፣ አልፈውን ሄዱ።

በዚያው ሰሞን የኔታ በሰንበት ትምህርት ላይ የእስራኤልን ልጆች ታሪክ አስተምረውን ነበር። የበጉን ደም መቃናቸው ላይ የቀቡትን መቅሠፍቱ አያቸውና አለፋቸው፤ ያልቀቡት ቤት ግን ለቅሶ ሆነ። ሁለቱን አገናኘኋቸው። ቀይ የተቀባውን ቤት ጎርፉ ያልፈዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ወደኛ ነው። ይህን በእርግጥ አምኜበት ነበር። ግን እውነቱን ከተናገርሁ ከጎርፉ ይልቅ ያንገበገበኝ የሰብለ ቁጥር ነው።

ወጣቶቹ ለምሳ ሲሄዱ ቆርቆሮውን ወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ያስቀምጡታል። በአንድ የቲማቲም ጣሳ ቀዳሁ። እናቴ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተራ ትጠብቅ ነበር፤ አያ ንጉሤ ወንዝ ዳር ነው። እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ በፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ ለመስቀል የተቀባው ኖራ ላይ፣ ኤክስ አደረግሁ፤ ከበብሁት፤ አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍሁ። ከአሥራ ሰባት የሚቀጥለው እሱ ነው። ቀለሙ ቁልቁል ፈሰሰ። ሽታው ጉሮሮዬን ቧጠጠው። ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁትና ከሰብለ የኔ እንደሚበልጥ አረጋገጥሁ፤ በሁለት ስንዝር ይበልጣል። በዚያ ዓመት እንደዚያች ደቂቃ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

እናቴ ዱቄቷን አዝላ መጣች። እልል ትላለች ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ግድግዳውን አየችና ዱቄቱን ከጀርባዋ ሳታወርድ መሬት ላይ ተቀመጠች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤት መሰብሰብ ጀመረ፤ ልክ ለቅሶ እንደሚደረስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጎኗ ተቀመጡ። አንዷ እናጥፋው ስትል ሌላዋ የመንግሥት ምልክት ያጠፋ ይታሰራል አለች። ምን እንዳደረግሁ ባይገባኝም መጥፎ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

አያ ንጉሤ መጥቶ ግድግዳውን አየ። ከዚያ እኔን አየ። በክንዴ ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝና መዳፌን ዘረጋው። ጥፍሮቼ ሥር ቀይ ነበር። ቤት ገብቶ ላምባ በጨርቅ ነክሮ አመጣና ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈተጋቸው። እጁ ሻካራ ነው፤ አመመኝ፤ ግን ይህን ያህል ጊዜ እጄን ይዞ አያውቅም ነበርና ቶሎ እንዲጨርስ አልፈለግሁም። ሌላ የነካሽ ቦታ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

እናቴ በማግሥቱ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ስማችን መዝገቡ ላይ የለም፤ አሥራ ስምንት ቁጥርም ወዲያ ማዶ ላሉ ሌላ ሰው ተሰጥቷል። ጸሐፊው ቢያገላብጥ ቢያገላብጥ መላው ስለጠፋበት፣ ግድግዳው ላይ ካለማ ዝም ተብሎ አይታለፍም ብሎ ለጊዜው «አሥራ ስምንት ለ» ብሎ መዘገበን። አጣሪዎች መጥተው እንዲያዩ ቀን ተቆረጠ። እናቴ እስከዚያ ቀን ድረስ እህል በአፏ የዞረ አይመስለኝም። ለሥዕለ ማርያም ተሳለች። እኔም ተሳልሁ፤ ስእለቴ ግን ማንም እንዳያውቅብኝ ነው።

የተባለው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዎች መጡ። የሰፈሩ ሰው ግጥም ብሎ ቆመ፤ ሰብለም ከፊት። ኃላፊው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ትሑት። ሜትሩን ከወንዙ ዳር እስከ ግድግዳችን ድረስ ሁለት ጊዜ አስለካ። ከዚያ ወረቀቱን አየና ቤታችን ከመሥመሩ ውጭ መሆኑን፣ ምልክቱም በስሕተት እንደተደረገ ለእናቴ ነገራት። እናቴ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። እኔም ትንፋሼን ለቀቅሁ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር።

ኃላፊው ግን ግድግዳውን ጠጋ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። ይህ የሠራተኞቹ እጅ አይደለም አለ። ቦታ ለማግኘት ሲሉ በራሳቸው ቀለም የሚቀቡ ሰዎች እንዳሉ፣ ነገሩም በሕግ እንደሚያስጠይቅ ተናገረና ማን እንደቀባው ጠየቀ። ሰብለ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ቁልቁል ሄዶ ኮንጎ ጫማዬ ላይ ቆመ። እኔም አየሁት፤ ጫፉ ላይ ምስር የምታህል ቀይ ጠብታ ደርቃለች። ሰብለ አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ» አለ አያ ንጉሤ።

እናቴ ዞረች። «ምንድን ነው የምትል?»

«እኔ ነኝ የቀባሁት።»

«ምነው አያ ንጉሤ? ምነው?»

እሱ ለእሷ አልመለሰላትም፤ ለኃላፊው ነው የመለሰለት። «ልጄ፣ የለካኸው ውሃው ዛሬ ካለበት ነው። እኔ ውሃው በዚያ ቀን የደረሰበትን አይቻለሁ፤ ደፌን ነክቶ ነው የተመለሰ። ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ። ልጅና የልጅ ልጅ አላስተኛበትም።»

ኃላፊው እኚህን ሽማግሌ በምን አንጀቱ ይክሰስ። ወረቀቱን ሲያጥፍ ሲዘረጋ ቆየና፣ በፈቃዳቸው የሚነሡ ባለ ካርታዎችም መመዝገብ እንደሚችሉ፣ ከፈለጉ በዚሁ እንደሚጽፋቸው ነገረው። አያ ንጉሤ እስክርቢቶውን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ ወረቀቱን አስደግፎ ፈረመ።

እናቴ «ቃልህስ?» ብቻ አለችው።

«በላሁት» አላት።

ለእኔ ብሎ ይሁን ለውሃው፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን አልተጠራጠርሁም፤ ለእኔ ነው ብዬ ወሰድሁት። ሰብለ አፏን ዘግታ ስታየኝ ቀና ብዬ አየኋት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። አያ ንጉሤ ከወጣማ እኛ ምን ይዘን እንቀራለን እያለ ሰዉ አንድ በአንድ ተመዘገበ። ከወንዙ የወጣው ድንጋይ በየክምሩ ቀረ። ወንፈሉ ተበተነ። ይታነጽ ብለው ከማንም በላይ የተከራከሩት ጎረቤታችን እንኳ ኅዳር ሳይጋመስ ቆርቆሯቸውን አወረዱ። እናቴ ሰፈሩ ሲያልቅ በሩ ላይ ቆማ ታያለች፤ ለሚሰናበታት ሁሉ «አባቴ ሸጠን» እያለች ነው የምትመልሰው። እውነት ተናግራ ከሆነ የሸጥኋት እኔ ነኝ፤ ያውም በጣሳ።

የኛን ቤት አያ ንጉሤ ራሱ አፈረሰው። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። ከላይ ጀምሮ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያወረደ፣ እየመታ፣ የሚጮኸውን ወደ ማራኪ ለሚሄደው ጋሪ፣ የታፈነውን ወደ ወንዙ ይለያል። በሁለተኛው ቀን ሰብለ መጣች። ላግዝህ ብላ ጆንያው አጠገብ ቆመች። አያ ንጉሤ ቀና ብሎ አያትና ዛሬ ማስቴ ትበቃኛለች፣ ሂጂ እናትሽን አግዣት አላት። ከዚያ እጀታዋ በጠፍር የተጠመጠመችውን መዶሻ ለእኔ አቀበለኝ። ሰብለ ዳገቱን ስትወጣ ጀርባዋን እስክትጠፋ አየሁት። መታሁ፤ ሰማሁ። በዚያ ቀን በእውነት ሰማሁ፤ አንዱንም አልተሳሳትሁም። ቀይ ቀለም ያረፈባቸው አራት ድንጋዮች ነበሩ፤ አራቱም ጮኹ።

እኩለ ቀን ላይ እሱ ውሃ ሊጠጣ ሲሄድ እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከቀይ ድንጋዮቹ አንዱን አንሥታ ጉልበቷ ላይ አደረገችና ቀለሙን በጥፍሯ ፋቀች። ብዙ ቀን አልቅሳ ስለነበር ድምፅዋ ጎርንኖ ነበር።

«ምልክቱ በጣም ዝቅ ያለ ነበር» አለችኝ። «አያ ንጉሤ አጭር ነው፤ ይህን ያህል ግን አጭር አይደለም። ማስቴ፣ አልቆጣሽም። እሱ ነው የቀባው?»

መዶሻዋ እጄ ውስጥ ነበረች። እናቴን አየኋት፤ ከልቧ ነበር የጠየቀችኝ። እኔ ነኝ ብላት ምን እንደሚሆን አውቄዋለሁ። እኔን አትመታኝም። ተነሥታ ወደ እሱ ትሄዳለች፤ ጉልበቱን ትስማለች፤ ማታ እንደ ድሮው አንድ ትሪ ላይ ይቀርባሉ፤ እኔም በሩ ሥር ቁጭ ብዬ የሁለቱን ወሬ እሰማለሁ።

«አዎ፣ እሱ ነው» አልኋት።

ድንጋዩን አስቀምጣ ተነሣች። አዲሱ ቤት ገብተን ሁለት ዓመት እስኪሞላን ድረስ እናቴ አያ ንጉሤን ስሙን ጠርታ አላናገረችውም። ምግቡን ትሰጠኛለች፤ የማደርስለት እኔ ነኝ። የሚፈልገውን ለእኔ ይነግረኛል፤ የምነግርለት እኔ ነኝ። ከእኔ በቀር የሚያወራው ሰው አልነበረውም፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።